ኢንሹራንስ የለንም ማለት ዕዳ የለብንም ማለት አይደለም

ከሞጆ ተነስቶ በመቂ፣ በባቱ (ለብዙዎቻችን አሁንም ዝዋይ ናት)፣ በአዳሚ ቱሉና በቡልቡላ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ በሚወርደው መንገድ ላይ ሁለት መኪኖች ሲጋጩ መጀመሪያ የሚሰማው የብረት ድምፅ ነው። ቀጥሎ የሰው ጩኸት ይሰማል። ከዚያ ሰው እንዳልተጎዳ ሲታወቅና ሁሉም ትንፋሹን ሲሰበስብ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ «ኢንሹራንስ አለህ?»

ለዚህ ጥያቄ ሁለቱም ሾፌሮች መልስ አጥተው መሬት መሬት ካዩ ነገሩ አለቀ ተብሎ ይታሰባል። ከተሰበሰበው ሕዝብ መሃል አንድ አስታራቂ ብቅ ይላል፤ «እንግዲህ ሁለታችሁም የላችሁም። ሰው አልሞተ፣ እግር አልተሰበረ። ተመስገን በሉና እያንዳንድሽ የራስሽን ጠግኚ!» ይልና ፍርዱን ይሰጣል። ሰው ይስቃል፣ ይበተናል። ከባዱ መኪና ሞተሩን አስነስቶ መንገዱን ይቀጥላል። የተጨፈለቀ ባጃጁን እየገፋ ወደ ጋራዥ የሚሄደው ሰው ግን አይስቅም።

የዛሬው ጽሑፌ ከዚህ የመንገድ ዳር ፍርድ ጋር የሚጣላ ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ኢንሹራንስ አለመግባት ከመንግሥት ጋር የሚያጣላ ጥፋት ነው፤ የሰው ንብረት ሰብሮ አለመክፈል ደግሞ ከሰውየው ጋር ያለ ዕዳ ነው። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ሁለታችን ኢንሹራንስ ስለሌለን ዕዳችን አይጣፋም። ዕዳውን የሚያጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ ወረቀት አለመያዛችን።

እስኪ ከአዳሚ ቱሉ እንጀምር። ከባቱ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ደቡብ ወረድ ብላ፣ አስፋልቱን ይዛ የተዘረጋች ከተማ ናት። በመሃሏ የሚያልፈው መንገድ የአገሩን ደቡብ ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ ትልቅ መንገድ ነው፤ ሐዋሳ የሚሄደው፣ ሞያሌ የሚወርደው በዚያ ያልፋል። የመቂና የባቱ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ገበያ ሳይዘጋበት ለመድረስ ይሮጣል። ሚኒባሱ ተሳፋሪ ለመሻማት ይሮጣል። ባጃጁ፣ የአህያ ጋሪውና ከብት የሚነዳው ልጅ ደግሞ ያንኑ አስፋልት ያቋርጣሉ። ስለዚህ እዚያ የሚፈጠር ግጭት ብዙ ጊዜ የአላፊና የነዋሪ ግጭት ነው። አንዱ ወገን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሌላ ከተማ ይደርሳል። ሌላኛው እዚያው ነው፤ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ነው።

ነዋሪው ማነው? ብዙ ጊዜ ባጃጅ ነጂ ነው። ባጃጁ የተገዛው በዕቁብ ብር፣ በእናት ወርቅ፣ በአጎት ብድር ሊሆን ይችላል። ባጃጁ ጋራዥ ሲገባ ከጥገናው ሌላ የቤት አስቤዛው፣ የዕቁቡ ጣይና የብድሩ ክፍያ አብረው ይቆማሉ። «የየራሳችሁን ጠግኑ» የሚለው ፍርድ እኩልነት የሚመስለው ከሩቅ ሲያዩት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። (አትሽሹ፣ አላሰለቻችሁም።)

በአገራችን ባለተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ያስገደደው አዋጅ ቁጥር 559/2000 ነው። እሱም በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተክቷል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ሦስተኛ ወገን» የሚለው ቃል ላይ ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ወገን መድን ሰጪው ድርጅትና መድን የገባው ሰው ናቸው። ሦስተኛው ወገን የተገጨው ነው። ይህ መድን ለገጪው መኪና አይደለም፤ ለተገጨው ነው። ሦስተኛ ወገን ብቻ የገባ ሰው በራሱ ጥፋት ቢጋጭ የራሱን ኮፈንና ፓራውልት ከራሱ ኪስ ነው የሚያሠራው። የሌላውን ንብረት ቢሆንም መድኑ የሚከፍለው እስከ ጣሪያው ድረስ ነው፤ አዋጁ ሲወጣ የንብረት ጉዳት ጣሪያ 100 ሺህ ብር ነበር።

ታዲያ ግዴታ ከሆነ ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ከየት ይመጣል? ከሁላችንም ሰፈር! ጊዜው ያለፈበትና ያልታደሰ አለ። ታርጋ ሳይኖረው የሚሠራ ባጃጅ አለ። በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ የመጨረሻው ገዢ «መድኑን ሻጩ አድሶታል» ብሎ የሚያስበው፣ ሻጩ ደግሞ መኪናውን ጭራሽ የረሳው አለ።

አዋጁ ለእነዚህ መኪኖች ተጎጂዎች ያዘጋጀው ነገር አለ፤ የመድን ፈንድ። ፈንዱ ግን የሚደርሰው ኢንሹራንስ በሌለው ወይም ገጭቶ ባመለጠ መኪና ሕይወቱን ላጣና አካሉ ለተጎዳ ሰው ነው። ለተሰበረ ስፖኪዮና ለተጣመመ ሻንሲ አይደለም። መንግሥት ውስን ገንዘብ ሲኖረው ከብረት በፊት ሥጋን ማስቀደሙ ያስመሰግነዋል። በዓለም ላይም የተለመደ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ቀረጥ የሚተዳደር የመንገድ አደጋ ፈንድ አላት፤ እሱም የሚክሰው የአካል ጉዳትንና ሞትን እንጂ የመኪና ጥገናን አይደለም። ውጤቱ ግን ግልጽ መሆን አለበት። ሁለት ኢንሹራንስ የሌላቸው መኪኖች ተጋጭተው ብረት ብቻ ከተጎዳ በመሃል የሚገባ ድርጅትም ፈንድም የለም። ሁለቱ ሰዎችና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ ፊት ለፊት ይቀራሉ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ኢንሹራንስ ለሁሉም ግዴታ ከመሆኑ 48 ዓመት በፊት። እናም ስለ መኪና ሲናገር «ኢንሹራንስ ካለው» የሚል ቅድመ ሁኔታ አያስቀምጥም። አንቀጽ 2081 ባለመኪናው መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሲነዳ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ፣ ያውም ያለፈቃዱ። ከዚህ የሚያመልጠው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ስለዚህ «እኔ ቅጥር ሾፌር ነኝ፣ ምንም የለኝም» የሚለው ልመና ልብ ሊነካ ይችላል፤ ባለመኪናውን ግን ነፃ አያወጣውም። ባለቤቱና ሾፌሩ በኋላ የሚተሳሰቡት የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 2084 ነው፤ እውነቱን ለመናገር ይህንን አንቀጽ የሚያውቅ ባለመኪና ጥቂት ነው። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሕጉ የሚነሳው ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋፅዖ አድርገዋል ከሚል ግምት ነው። ስለዚህ የሁለቱ መኪኖች ጉዳት ይደመርና እያንዳንዱ ባለመኪና የድምሩን ግማሽ ይሸከማል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው።

ልብ በሉ፤ «ድምሩን ለሁለት» እና «እያንዳንዱ የራሱን» አንድ አይደሉም። በቁጥር እንየው። የባጃጁ ጥገና 40 ሺህ ብር፣ የአይሱዙው ጥገና 100 ሺህ ብር ነው እንበል። (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፤ ጋራዥ ሄዳችሁ እንዳትጣሉ።)

በመንገድ ዳር ፍርድ ባጃጁ 40 ሺህ፣ አይሱዙው 100 ሺህ ያወጣሉ። አንዱ ከሌላው አይቀበልም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይረጋገጥ ፍርድ ቤት ቢቀርቡ ድምሩ 140 ሺህ ነው፤ እያንዳንዱ 70 ሺህ ይሸከማል። ባለባጃጁ የራሱን 40 ሺህ አውጥቶ ሌላ 30 ሺህ ለባለአይሱዙው ይከፍላል ማለት ነው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። የተጨፈለቀው ትንሹ ለጨፍላቂው ትልቁ ይከፍላል!

ጥፋቱ የአይሱዙው መሆኑ ከተረጋገጠ ባለባጃጁ 40 ሺውን ይቀበላል፣ ምንም አይከፍልም። ጥፋቱ የባጃጁ ከሆነ ደግሞ የራሱን 40 ሺህ ችሎ 100 ሺህ ይከፍላል፤ በአጠቃላይ 140 ሺህ።

ያው ግጭት፣ ያው ባጃጅ፤ ባለቤቱ የሚያወጣው ገንዘብ ግን ከዜሮ እስከ 140 ሺህ ይዘልቃል። ልዩነቱን የሚፈጥረው ማን ጥፋተኛ እንደሆነ የሚያስረዳው ማስረጃ ነው። ማስረጃው ደግሞ የሚገኘው በመጀመሪያዋ አንድ ሰዓት ውስጥ ነው፤ መኪኖቹ ከቦታቸው ሳይነሱ፣ የፍሬን ምልክቱ አስፋልቱ ላይ እያለ፣ የመስታወት ስብርባሪው ሳይጠረግ፣ ያየው ሰው ሳይበተን።

ለዚህ ነው የትራፊክ ፖሊስ የሚያነሳው ፕላን የገንዘብ ወረቀት ነው የምለው። እኛ ግን ፕላኑን የምናየው እንደ ቅጣት ደረሰኝ ነው። «ፕላን ከተነሳ ነገር ይረዝማል» እንላለን። አዎ ይረዝማል። ሳይነሳ ሲቀር ግን ነገሩ አያጥርም፤ ወደ ኪሳችን ይዞራል እንጂ።

አሁን የነገሩ እምብርት ላይ ደረስን። ሰው ፖሊስ የማይጠራው ሕግ ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። ስለሚፈራ ነው። ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ያስቀጣል። ይህን ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ጥፋተኛው ነው። ሁለታችንም እንደሌለን የሰማ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ ትራፊክ ከመጣ እኮ አንተም አትተርፍም። ያንተም ባጃጅ ይያዛል። ባይሆን እኛው እንጨርሰው» ይላል። ምክር ይመስላል። ማስፈራሪያ ነው። ተገጪው በራሱ ጥፋት ላይ የተቀመጠ ስለሚመስለው እሺ ይላል። በዚህች «እሺ» ውስጥ 40 ሺህ ብር ይቀልጣል።

ሒሳቡን በእርጋታ እንሥራው። ቅጣቱ ካለብኝ አለብኝ፤ ጥፋቴ ነው፣ እቀጣለሁ። የመንግሥትን ዕዳ ለመንግሥት እከፍላለሁ። ነገር ግን ያኛው ሰውዬ የኔን ቅጣት ምክንያት አድርጎ የራሱን ዕዳ የሚሰርዝበት ሕግ የለም። ቤቴ የግንባታ ፈቃድ ስለሌለው ጎረቤቴ ግድግዳዬን በመኪና ደርምሶ «ፈቃድ የለህማ!» ብሎ መሄድ ይችላል? አይችልም። ታዲያ ባጃጄ ከግድግዳዬ በምን አነሰ?

«እና ኢንሹራንስ ያልገባ ሰው ይከበርለት ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በየዓመቱ አረቦን የሚከፍለው ሰው ሕግ አክብሮ ይኖራል፤ ሳይከፍል የሚነዳው ደግሞ አደጋ ሲደርስ ፍትሕ ይጠይቃል። ያናድዳል። መልሴ ግን ይህ ነው። የመድን ግዴታው የተጣለው ነጂው የሚገጨውን ሰው ለመጠበቅ ነው። መድን ያልገባሁት እኔ የበደልኩት ልገጨው የምችለውን ሰው ነው። የገጨኝን ሰው በምን በደልኩት? ለሱ የኔ መድን መኖር አለመኖር ለጥፋቱ ሽልማት ሊሆነው አይገባም። ደግሞም «ኢንሹራንስ የሌለው የተጋጨ አይካስም» የሚል ልማድ ሲሰፍን የሚጠቀመው ትልቁና ከባዱ መኪና ነው፤ በግጭት ውስጥ ሁልጊዜ ያነሰ የሚሰበረው እሱ ነውና።

ሌላው የመንገድ ዳር በሽታ መያዣ ነው። «ሊብሬህን አምጣ»፣ «መንጃ ፈቃድህን አስቀምጥ»፣ «ስልክህን ስጠኝ፣ አርብ እልክልሃለሁ»። ሊብሬ የያዘ ሰው ገንዘቡን የያዘ ይመስለዋል። ሊብሬ ግን ብር አይደለም። ሰውየው «ጠፋብኝ» ብሎ ምትክ ያወጣል፤ ወይም የሊብሬው ስም ሌላ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ መያዣ ከመቀማት መረጃ መመዝገብ ይበልጣል። የታርጋ ቁጥር፣ ሊብሬው ላይ ያለው ሙሉ ስም፣ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ፣ የመኪናው አሠሪ ማን እንደሆነ፣ የምስክሮች ስምና ስልክ። ሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ ካሜራ ያለው ስልክ ባለበት ዘመን የእነዚህን ፎቶ አለማንሳት ምን ይባላል? በሊብሬው ያለው ስምና በእርግጥ መኪናውን የያዘው ሰው የተለያዩ ከሆኑ ሁለቱንም መዝግቡ፤ ነገ ክስ ቢመጣ ሁለቱንም አንድ ላይ መጥራት «እኔ ሸጬዋለሁ»፣ «እኔ አልገዛሁትም» ከሚለው መመላለስ ያድናል።

አንዳንዱ ደግሞ ከቸኮለበት የተነሳ ባጃጁን በማግሥቱ ባትላሜራ ጋ ወስዶ ያስቀጠቅጣል። ከዚያ በኋላ ምን ተጎድቶ እንደነበር በምን ይታወቃል? ሕጉ (አንቀጽ 2091) ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት ነው የሚለው፤ የጉዳቱን ልክ የማስረዳት ሸክም ደግሞ የጠያቂው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ ከአንድ በላይ ጋራዥ ፕሮፎርማ፣ ከዚያ ጥገና፤ የዕቃውና የእጅ ዋጋው ደረሰኝም ይቀመጥ። የቆመበት ቀን ገቢም ጉዳት ነው፤ ሊጠየቅ ይችላል። ግን በቀን ምን ያህል ትሠራ እንደነበር ማስረዳት አለብህ። (እዚህ ላይ ለግብር ሲሆን «ምንም አይገባኝም»፣ ለካሳ ሲሆን «በቀን ይህን ያህል ሺህ አገኛለሁ» የሚሉ ወዳጆቻችን ትንሽ ይቸገራሉ።)

አሁን ሽምግልናን እንዳጥላላሁ የመሰላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። እንዲያውም ለእንዲህ ያለ ጠብ ከሽምግልና የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። በምሥራቅ ሸዋ ጃርሳ ቢያ፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ከመኪና ግጭት እጅግ የሚከብድ የደም ነገር ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው። እነሱ ፊት የተሰጠ ቃል ክብደት አለው። ችግሩ ቃሉ የሚከብደው እዚያው ለሚኖር ሰው መሆኑ ነው። ነገ ቅዳሜ ገበያ ሽማግሌውን የሚያገኘው ሰው ያፍራል፤ ሞያሌ ያደረ ሾፌር ግን ማንን ያፍራል? በመንደር ውስጥ ቃል የሚያስከብረው መተዋወቅ ነው። በአውራ ጎዳና ላይ መተዋወቅ ስለሌለ የእሱን ቦታ ወረቀት መተካት አለበት።

ደስ የሚለው ነገር ሕጉ ራሱ ዕርቅን ያከብራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 3307 ጀምሮ ስለ ግልግል ስምምነት የተጻፈ አለ። ተከራካሪዎች ትንሽ ትንሽ ተቻችለው ጠባቸውን በውል ሲጨርሱ ያ ስምምነት በመካከላቸው እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል፤ ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ። እንግዲህ ሽማግሌ ፊት የምንጨርሰውን ነገር በአንድ ገጽ ብንጽፈው ምን ይጎድልብናል? ቀንና ቦታ፤ የሁለቱ ሰዎች ስምና የመኪኖቹ ታርጋ፤ ማን ጥፋቱን እንዳመነ፤ ስንት ብር በስንት ጊዜ እንደሚከፈል፤ ካልተከፈለ ምን እንደሚሆን፤ የሁለቱ ፊርማና የሁለት ምስክሮች ፊርማ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ምስክር ይሁኑ። አለቀ።

ይህች አንድ ገጽ ሌላም ትልቅ ሥራ አላት። ከውል ውጭ በደረሰ ጉዳት ካሳ ለመጠየቅ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው (አንቀጽ 2143)። ሁለት ዓመት ብዙ ይመስላል። «አርብ እልካለሁ» የሚል ሰው ግን አርቦችን እየቆጠረ ሁለት ዓመት ማስጨረስ ይችላል። መጀመሪያ ስልክ ያነሳል፣ ቀጥሎ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይላል፣ ከዚያ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። የተፈረመ ስምምነት ካለ ግን የምትጠይቀው በውል የገባልህን ነው፤ ለውል ደግሞ ሕጉ ያስቀመጠው መደበኛ የይርጋ ጊዜ 10 ዓመት ነው።

መዘግየት ዛሬ ድሮ ከነበረው በላይ ያስከፍላል። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ዋጋው በእጅጉ ወርዷል። መለዋወጫው ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። መስከረም ላይ የተጻፈ ፕሮፎርማ ሚያዝያ ላይ የሚያስቅ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በስምምነቱ ላይ የብሩን መጠን ብቻ ሳይሆን የመክፈያውን ቀን መጻፍ ያስፈልጋል። ካልሆነም ገንዘብ ቀርቶ ሰውየው ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ጋራዡን ራሱ ከፍሎ እንዲያስጠግን መስማማት ይቻላል።

ስምምነት እምቢ ካለስ? ያን ጊዜ ክስ ነው። ክሱ ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ሊቀርብ ስለሚችል የአዳሚ ቱሉው ሰው አላፊውን ሾፌር ተከትሎ አገር ለአገር መዞር የለበትም። ባለመኪናው የሌላ ክልል ነዋሪ ሲሆን ጉዳዩን የሚያየው ፍርድ ቤት ደረጃ ሊለወጥ ይችላልና ክሱን ከመክፈታችሁ በፊት ሬጅስትራሩን ጠይቁ። ዳኝነት ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው ይህንኑ አስረድቶ በነፃ መክሰስ የሚችልበት ሥርዓት አለ። መኪናው ስም እንዳይዛወር ፍርድ ቤቱ ዕግድ እንዲሰጥ ማመልከትም ይቻላል፤ ካልሆነ ፍርዱ በወጣ ቀን መኪናው የአማቱ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ግን አንድ ነገር አይጠፋኝም። ለ40 ሺህ ብር ሲባል ቀጠሮ ላይ ቀጠሮ መመላለስ ለቀን ሠራተኛ የማይቻል ነው። እያንዳንዱ ቀጠሮ ያልተሠራ ቀን ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ዜጋው ላይ ጭኖ መሄድ አይገባም፤ የመንግሥትም ድርሻ አለ።

ደቡብ አፍሪካን ቀደም ብዬ አንስቻለሁ። ፈንዷ ለመኪና ጥገና አይከፍልም ብያለሁ፤ ነገር ግን የመኪናው ባለቤት የሚሄድበት ሌላ በር ትታለታለች። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተቋቋሙ የአነስተኛ ጉዳዮች ፍርድ ቤቶች አሏት። እስከ 20 ሺህ ራንድ የሚደርስ ክርክር ይታይባቸዋል። ጠበቃ ይዞ መቅረብ አይቻልም። ሰውዬው ራሱ ፎቶውንና ፕሮፎርማውን ይዞ ይቆማል፣ ያስረዳል፣ ውሳኔ ይሰማል። የእኛ የወረዳ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ላሉ ትናንሽ ጉዳዮች በሳምንት አንድ ችሎት፣ አጭር ቅጽና አጭር ቀጠሮ ቢመድቡ ምን ይሳናቸዋል?

በኦሮሚያ ደግሞ አዲስ መንገድ ተከፍቷል። ክልሉ በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ለባህል ፍርድ ቤቶች እውቅና ሰጥቷል። ሽማግሌዎች የሚቀመጡባቸው፣ በአካባቢው ልማድ የሚዳኙ ናቸው። የሽምግልና ቃል ወረቀት ይጎድለዋል ካልን፣ የሽምግልናን ጥበብና የመዝገብን ጥንካሬ ለማገናኘት ከዚህ የቀረበ ቦታ የለም። ባለመኪኖች ብረት ብቻ የተጎዳበትን ጠብ ይዘው ቢሄዱ፣ እነሱም ውሳኔውን ጽፈው ቢሰጡ፣ «እያንዳንድሽ የራስሽን» የሚለው የመንገድ ዳር ዳኛ ሥራ ይፈታል።

ከትራፊክ ፖሊስም የምጠይቀው አለኝ። ብረት ብቻ የተጎዳበትን አደጋ «ተስማሙ» ብሎ መሸኘት ይቅር። ፕላን ይነሳ፤ ግልባጩ ለሁለቱም ወገን በቀናት ውስጥ ይሰጥ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተዘጋጀ አንድ ገጽ የስምምነት ቅጽ ይቀመጥ። ተጋጪዎቹ ይሙሉት፣ ይፈርሙበት፣ አንዱ ግልባጭ ፋይል ውስጥ ይቅር። ይህ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ለፎቶ ኮፒ የሚሆን ወረቀት ብቻ ነው።

የባጃጅ ማኅበራትም እጃቸውን አጣጥፈው ባይቀመጡ ጥሩ ነው። ለሞት ዕድር ያለን ሕዝብ ለባጃጅ ዕድር ማቋቋም አያቅተንም። አባል በየወሩ ትንሽ ቢያዋጣና ባጃጁ ሲቆም ለዕቃ መግዣ የሚሆን ብድር ቢያገኝ፣ ቢያንስ ክርክሩ እስኪያልቅ ልጆቹ ጦማቸውን አያድሩም። የሦስተኛ ወገን መድን የአባልነት ግዴታ ቢሆን ደግሞ ከዚህ ጽሑፍ ግማሹ ባላስፈለገ ነበር። መድን ግቡ። በፖሊስ ፊት «ኢንሹራንስ አለህ?» ሲባል ቀና ብሎ «አዎ» የሚል ሰውን ማንም በጆሮው አያስፈራራውም።

ገና ያልገባችሁ ካላችሁና ነገ አንድ አይሱዙ ፓራፋንጎአችሁን ይዞ ከሄደ ግን «ሁለታችንም ጥፋተኞች ነን» የሚለውን ሰው አትስሙት። የጥፋታችሁን ቅጣት ክፈሉ፤ ዕዳችሁንም ተቀበሉ። ፎቶ አንሱ፣ ፕላን አስነሱ፣ ሽማግሌ ጥሩ፣ የተስማማችሁትንም ጻፉና አስፈርሙ።

በሰላም ያግባን።